የታንጉት እኅት

እትዬ ታንጉት የከፋ ነገር እንደያዛት የጠረጠረችው በለጠች የሳመቻት ቀን ነው። ሁለቱ ደባርቅ ገበያ ጎን ለጎን ቅቤ ሲሸጡ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። ምክንያቱን ረስተውታል፤ ኩርፊያውን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። ያን ቀን በለጠች ከመደቧ ተነሣችና ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ግራና ቀኝ ስማት ተመለሰች። እትዬ ታንጉት ቅቤዋን ጠቅልላ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች።

እኔ መምህር ድረስ እባላለሁ። ያን ጊዜ፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ደባርቅ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው።

"ድረስ፣ ምንድን ነው የያዘኝ?" አለችኝ።

"የደም ማነስ ነው ብዬሽ የለም እንዴ፣ እትዬ?"

"ያን ወረቀት ላብህ እስኪወርድ ነው ያነበብከው። የደም ማነስ እንዲህ ላብ ያስወርዳል?"

ወረቀቱ የጎንደር ሐኪም ቤት ወረቀት ነው። ከሁለት ወር በፊት በግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የምታህል እብጠት አግኝታ ከባሏ ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ጋር ሄዳ ታይታ ነበር። ወረቀቱ የጡት ነቀርሳ ነው ይላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ትምጣና ይቆረጥ ይላል። እኛ ዘንድ ግን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። ሐኪሙ ለባሏ ይነግራል፣ ባሏ ለዘመድ፣ ዘመድ ለጎረቤት፤ ወሬው አገሩን ዞሮ ሲያበቃ ያልሰማ ሰው ቢኖር በሽተኛው ነው። መሪጌታ እኔንም በቅዱስ ገብርኤል አስማሉኝ። ራሳቸው በየማለዳው ጠበል በጀሪካን ይዘውላት ይመጣሉ፣ ጎረቤቱ እንቁላል ያመላልሳል፣ ወሩ ግን አልፏል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እትዬ ታንጉት ቅቤ ስትገዛ ላዩን አይታ አታምንም። ጣቷን እስከ መሐሉ ሰድዳ የውስጡን አውጥታ ትቀምሳለች፤ ላዩ ለጋ ሆኖ ውስጡ በተቀቀለ ድንች የተሞላ ቅቤ ስንት ጊዜ አጋጥሟታል። የእኛንም ነገር እንዲሁ ልትመረምር ቆረጠች።

ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጎንደር አይገባም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ዋሴ ከመሪጌታ ጋር ጠላ ይጠጣል፤ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው ብትለው ወሬው ከእሷ ቀድሞ እቤት ይገባል። ስለዚህ "ጎንደር የታመመች እኅት አለችኝ፣ ልጠይቃት" አለችው። ለእናቷ አንድ ናት። ጓድ ዋሴ ግን የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ይህን አያውቅም፤ "እግዜር ይማራት" እንኳ ብሎ ማኅተሙን መታላት። ለመሪጌታ ደግሞ ዳባት ቅቤ ልገዛ ነው ብላቸው አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ዳባት ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቷን አየና "እኅትሽን ምን አሟት ነው?" አላት።

"እሱን እኮ ነው ልጠይቅ የምሄደው፣ ልጄ።"

ሐኪም ቤት ስትደርስ ያን ጊዜ ያያት ሐኪም ተዛውሮ በቦታው አንድ ወጣት ተተክቷል። ውሸቷ እስከዚያ ድረስ ጥሟት ስለነበር አልተወችውም። የካርድ ቁጥሯን ሰጠችና "የእኅቴ ነው፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ" አለች። ሐኪሙ በሩን ዘጋ። ለበሽተኛዋ ሁለት ወር የተደበቀው ለአስታማሚዋ በሩብ ሰዓት ተነገራት።

ይህን ከዓመታት በኋላ ቅቤ እየመዘነች ያጫወተችኝ እሷው ናት።

"ከአንድ ትሪ ብንበላ ይተላለፍብናል?" አለችው።

"አይተላለፍም።"

"በእርግማን ነው የሚመጣው? አንዲት ጎረቤቷ ትረግማት ነበር።"

"በእርግማን አይመጣም።" እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አላት፤ በበለጠች ላይ ልታሳብብ ተዘጋጅታ ነበርና።

"ጡቷ ከተቆረጠ በኋላስ ገበያ ትወጣለች?"

"ቁስሉ ሲሽር፣ ክንዷን ቀስ በቀስ እያለማመደች ትወጣለች።"

"ትድናለች?"

"አሁን ከመጣች ተስፋ አለ። ከዘገየች ግን ቃል አልገባልሽም።"

ሐኪሙ አባበላት። "አደራ፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት። ትደነግጣለች" አላት።

"አልነግራትም። ስትበዛ ፈሪ ናት።"

"መቼ ታመጫታለሽ?"

"መጥታለች እኮ" አለችና ነጠላዋን ከደረቷ ላይ ገለጥ አደረገች።

ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ መረመራት። እብጠቱ ገና ወደ ብብቷ አልዘለቀም። እዚያው አስተኛትና የሚፈርምላትና ደም የሚሰጣት ዘመድ እንዲመጣ በአውቶቡሱ ሾፌር መልእክት ላከ።

በማግስቱ እኔና መሪጌታ ጎንደር ወረድን። መንገዱን ሙሉ አዲስ ውሸት ስናዘጋጅ ነበር። "የሐሞት ጠጠር እንበላት?" አሉኝ። "ጡቷ ላይ?" አልኳቸው። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርድ ነው በሚለው ተስማማን።

እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ለተኛች ሴት ነቀርሳ በትሪ እንደማይተላለፍ ታስረዳለች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ብርዱ እንዴት አደረገሽ፣ ታንጉት?"

"ነቀርሳ ነው፣ መሪጌታ። ነገ ይቆረጣል።"

መሪጌታ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። "ብነግርሽ በድንጋጤ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው" አሉ። ቀሚሳቸው ምን ያህል እንደሰፋቸው ያየሁት ገና ያኔ ነው። ሁላችንም ለእሷ እንቁላል ስናመላልስ እሳቸውን እርስዎስ እንዴት ነዎት ያላቸው አልነበረም።

እትዬ ታንጉት እጃቸውን ያዘች። ቀልዱ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

"እኔም እኮ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ስፈራ ነበር" አለቻቸው። "እርስዎ በዚያ ይፈራሉ፣ እኔ በዚህ እፈራለሁ። አብረን ብንፈራ ምን ነበረበት?"

መሪጌታ ዐይናቸውን ጠርገው ተነሡ። ሄደው ፈረሙ፤ ደም ለመስጠትም ከእኔ ቀድመው ተሰለፉ።

በነጋታው ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣና መሪጌታን እንደ አገሩ ልማድ በክንዳቸው ይዞ ወደ ጥግ ሊወስዳቸው ሲል፣ እሳቸው ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

"የለም፣ ልጄ" አሉት። "እስክትነቃ እንጠብቅና እሷ እየሰማች ትነግረናለህ።"