አንድ ማሲንቆ ለሁለት ሰው

ሲንተሳይዘር የሚሉትን ነገር የተማርኩት ወድጄ አይደለም። አሁን ጎረምሶች ሱቄ እየመጡ «እስቲ አሳየን፣ ድምፁን እንዴት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ መልስ መስጠቱ ራሱ ይታክተኛል። እኔ ዘፈን ጫኝ ነበርኩ፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ይዤ፣ በሰው ሞባይል ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየገለበጥኩ የምኖር። የሲንተሳይዘሩ ሶፍትዌር ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ ላይ ከዘፈን ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ከፈትኩት፣ ማዞሪያ በማዞሪያ ላይ ሆነብኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ ዘጋሁት።

አባቴ አዝማሪ ነው። ከጉንደ ወይን እስከ ደብረ ኤልያስ የሰው ልጅ ሲድር የኖረ ሰው። የታናሽ እህቴ የሰርግ ቀን ለጥር ሲቆረጥ፣ «የሰውን ልጅ ስሸኝ ኖሬ የራሴን ዝም ብዬ ላስወጣ? በማሲንቆዬ ነው የምሸኛት!» ብሎ ፎከረ። ክረምቱ ሳይወጣ ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተመለሰ፤ እግሩም እየጎተተ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ማሲንቆ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል፦ ግራው በጣቶቹ ክሩን ይይዛል፣ ቀኙ ደጋኑን ይስባል። ደጋን የማይስብ አዝማሪ ምን ይባላል? ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ስለ ሰርጉ ማውራት ተወ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስደግፎ የግራ ጣቶቹን ክሩ ላይ ያስኬዳል። ድምፅ የለም። እኔ ግን ጣቶቹን አይቼ የትኛውን ዘፈን እንደሚጫወት አወቅሁት። ሙሽራ የሚሸኝበት ነበር። ወደ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው ነገሩ የመጣልኝ፤ ጣቶቹ እኮ አሉ፣ የሌለው ደጋኑ ነው።

ከፈረሰ የኪነት ቡድን አንድ አሮጌ ኦርጋን ተዋስኩ። የራሱ ድምፅ ከሞተ ቆይቷል፤ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያያዝ ግን ቁልፎቹ ይታዘዙ ነበር። ያንን የዘጋሁትን ሶፍትዌር መልሼ ከፈትኩት። መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ሲንተሳይዘር የተቀዳ ድምፅ አያጫውትም፤ ድምፁን ከባዶ አንተ ነህ የምትሠራው። እንደ ንብ መንጋ የሚጮኽ ጥሬ ድምፅ ትመርጥና ትሞርደዋለህ፦ በምን ያህል ፍጥነት ይነሳ፣ ሲለቁት ምን ያህል ይቆይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዝለል ወይስ ይንሸራተት። የሚያስተምር ሰው የለ፣ መጽሐፍ የለ። አንዱን ሳዞር ሌላው ይበላሻል። መብራት ደግሞ የሚሄደው ልክ ድምፁ ሊመጣ ሲል ነው። ቀን ሱቅ፣ ማታ ይኼ፤ ዓይኔ ቀላ፣ ከሰው ጋር መነጋገር አስጠላኝ።

አባቴ ደግሞ አይራራም። የመጀመሪያውን አሰማሁት። «ይኼ የአውቶቡስ ጥሩንባ ነው» አለ። ለሳምንታት ሞርጄ ሌላ አመጣሁ። «ድምፁስ ማሲንቆ ነው፤ ፈረሱ ግን ጅራት የለውም» አለኝ፤ የክሩና የደጋኑ ጭራ ሲፋተግ የሚሻክረውን ማለቱ ነው። ትንሽ ሻካራነት ጨመርኩበት። እሺ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ጣቱን አንዱ ቁልፍ ላይ አድርጎ «ይኼኛው ውሸታም ነው» አለ። ኦርጋን የተቃኘው እንደ ፈረንጅ ነዋ! እያንዳንዱን ቁልፍ በፀጉር ልክ ዝቅና ከፍ ሳደርግ ከረምኩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ መዘግየት ጀመረ። «ጣቴ ደርሷል፣ እሱ ገና ጫማውን ያስራል» አለና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ማሽኑን አንስቼ ልከሰክሰው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደጋኑ እኔ ነበርኩ። ኦርጋኑ ጎን ላይ በጣት የምትሽከረከር አንዲት ትንሽ ጎማ አለች፤ ወደፊት ስገፋት ድምፁ ይነሳል፣ ስስባት ይተኛል። እሱ በግራ እጁ ቁልፎቹን ይይዛል፣ እኔ ጎማዋን እገፋለሁ፣ እስባለሁ። «አንተ ልጅ፣ ደጋን ነው የያዝከው አካፋ?» እያለ ይጮኽብኛል። ትንፋሹን እየሰማሁ መግፋት እስክለምድ ድረስ ስንት ስድብ ጠጣሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፁ መጣ። እንዴት እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ መጣ። እናቴ ከውጭ እየሮጠች ገባች። እጁ ዳነ ብላ ነው። ቀኝ እጁን አየችው፣ ጭኑ ላይ እንደተኛ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ ወጣች።

ሰርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ፤ የተከራየነው ድምፅ ማጉያ ወዲያኛው ጫፍ ቆመ፣ እኔና አባቴ ወዲህኛው ጥግ ከኮምፒውተሩ ጋር ተቀመጥን። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሷል። ጀመረ። ወይ ጉድ፣ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም! ዳሱ ተነሳ፣ እስክስታው ቀለጠ። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። አዝማሪ ሲጫወት ሰው ፊቱ ቆሞ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። አባቴ የኖረው በዚህች ቃል ነው። አንገቱን አቅንቶ ሲጠብቅ አየዋለሁ። ማንም አላለውም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙሮ ይጨፍራል። ለሳጥን ማን ግጥም ይሰጣል?

ከሙሽራው ወገን አንዱ ላቡን እየጠረገ መጣና ሞባይሉን ዘረጋልኝ። «ወንድሜ፣ ይኼን ዘፈን ከየት አገኘኸው? በኋላ ሚሞሪዬ ላይ ጫንልኝ» አለኝ። ቀጥሎ አባቴን አየና አዘነለት። «አባት፣ እዚህ ጫጫታ ሥር ምን ያደርጋሉ? ጆሮዎን ይጎዳዎታል፤ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ።»

የአባቴ እጅ ከቁልፎቹ ላይ ተነሳ። ዳሱ ጭር አለ። «መብራት ሄደ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ደሜ ፈላ። ከረምኩበት፣ ዓይኔን አጠፋሁበት፣ እሱ ደግሞ ነፍሱን አፍስሶ እየተጫወተ! ብድግ ስል አባቴ በግራ እጁ ኮቴን ያዘኝ።

«ተቀመጥ። ምን አጠፋ?»

«አባዬ፣ የካሴት መስሏቸው እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ።» ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አይደለም፤ ድካም ነው፤ ከእኔ የባሰ ድካም። «ስንለማመድ ትቀዳው አልነበር? አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ ክፈትላቸው። ሰው አቁመን እንቀር?»

ከፈትኩት። የዚያ የታኅሣሡ ከሰዓት በኋላ ነው። ዳሱ እንደገና ተነሳ። አባቴም ትከሻዬን ተደግፎ ቆመ፤ መውጣት የፈለገ መስሎኝ ልደግፈው ስል ገፋ አደረገኝና እግሩን እየጎተተ መሀል ገባ። እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የሚጨፍረው ሰው ዘወር ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ቀኝ ትከሻው አልታዘዘም፤ በግራው ብቻ እስክስታ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ሰው ፊቱን ከሳጥኑ ወደ እሱ ያዞረው። እኔ ጎማዋን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ የምገፋው ነገር ሳይኖር።

እናቴ መጥታ እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስኖር ሰርግ ላይ ሲጨፍር አይቼው አላውቅም» አለች። «ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበራ።»