የሬዲዮ ሚስት አዳራሽ ገባች

ባሏን ሠፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ከነቃ እስኪተኛ አይዘጋማ! እሷን ደግሞ «የሬዲዮ ሚስት»። ሶፋና ወንበር የሚያለብሱበት አንድ ክፍል ሱቅ አላቸው፤ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያወራል። ሥራ ፈት አስመስዬው እንዳይሆን፤ ደንበኛ የሚመጣው በሱ አፍ ነበር። አፈ ቅቤ ነው፣ ልቡ ውስጥ ግን ጩቤ የለም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ሬዲዮ ተዘግቷል። አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ሐኪሙ «ጊዜ ይፈልጋል» አለ፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ግን አልተናገረም። ጎረቤት ያውቃል፤ ደንበኛ «እንዴት ነው?» ካላት ግን መልሷ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ነው። ማታ ማታ ስልኩን ቻርጅ ታደርግለታለች፣ ጠዋት ከፊቱ ታስቀምጥለታለች። አይናገርም ብላ ካወራች በቁሙ የቀበረችው ይመስላታል።

ደንበኛው እየተመናመነ ሄዶ ሱቁ አንድ ሐሙስ ቀረው። ያኔ የባሏ እህት፣ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፣ የሆቴል ባለቤቶችና ዕቃ አቅራቢዎች የሚተዋወቁበት ዝግጅት መግቢያ ይዛላት መጣች። ምክሩንም አብራ አወረደችው።

«ፈገግ በይ። ቀድመሽ ራስሽን አስተዋውቂ። ሰው ሲያናግርሽ ወንበሩን አትይ! ስለ ሕመም ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ፣ ይሸሹሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ፣ ተረጋጊ።»

እስቲ ተረጋጊ ስለተባለ የተረጋጋ ሰው ማን አይቷል?

የባሏ ስምና ስልክ ቁጥር ያለባቸውን የሱቁን ካርዶች ያዘች። ስልኩንም፣ ደንበኛ ቢደውልስ ብላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ብርጭቆ ይዞ ክብ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንዱ ጋ ስትጠጋ ጀርባ ይገጥማታል፤ ሌላው ጋ ስትደርስ ሳቁ ያልቃል። ውሃ ቀዳች፣ ሳትጠጣው አስቀመጠች፣ ሌላ ቀዳች። ቦርሳዋን ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። መጸዳጃ ቤት ሄዳ መስታወት አይታ ተመለሰች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ፣ አለች በልቧ። እጇ ግን ሳታስበው የአንዱን ወንበር ስፌት መዳሰስ ጀምሯል።

«ምነው፣ ወንበሩ ምን አጠፋ?»

ራሰ በራ ሰውዬ ነው። ሆቴል አለው፤ የምግብ አዳራሹን ወንበሮች የሚያለብስለት ሰው እየፈለገ ነው። ይሄን ሲነግራት ካርዱን ዘረጋችለት። አነበበና ፊቱ በራ።

«ውይ፣ ይሄማ ሬዲዮ ነው! ድሮ እንተዋወቃለን እኮ! እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።» አፏ ለምዶባት!

«ታዲያ የት ጠፋ?»

«ሥራ... ሥራ በዝቶበት ነው።»

«እንግዲያው ከሱ ጋር እንጨርሳለን። እንደውም አሁኑኑ ልደውልለት።»

ከማለቱ ቦርሳዋ ጮኸ።

የሬዲዮ ስልክ አይደል፣ ደወሉም እንደ ባለቤቱ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ሰውዬው አንዴ እሷን፣ አንዴ ቦርሳዋን ያያል። በሩ ቅርብ ነበር፣ መሮጥም ትችል ነበር። ስልኩን አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አነሳችው።

«ሃሎ» አለች። «ሬዲዮ ታሟል። መናገር አይችልም። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወንበሩን የምሰፋው ግን ድሮም እኔ ነኝ። ሥራውን ለኔ ይስጡኝ።»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።

«እሱም እንደዚሁ ይለኝ ነበር» አለ በስልኩ። «‹እኔ አፍ ብቻ ነኝ፣ እጁ የሷ ነው› ይላል። ነገ ጠዋት ይምጡና ወንበሮቹን ይዩልኝ።»

እቤት ስትገባ ባሏ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችለት፤ የሰዎቹን ጀርባ፣ ውሃውን፣ የቦርሳዋን ጩኸት። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን እንዲህ አውርታለት አታውቅም። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። «መናገር አይችልም አልኳቸው» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኑን ማየት ፈራች። ስልኩን አውጥታ እንደ ልማዷ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

ሬዲዮ ስልኩን ሲያየው ቆየ። ከዚያ በደህናው እጁ ቀስ አድርጎ ወደሷ ገፋው።