ጠብቆ ይነበብ

ልጅ እያለሁ አባቴ የሚጽፈውን ቀልድ ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው አልነበረም። ባሕር ዳር በምትታተም አንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዓምድ ነበረው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጫማዬ ጭቃ ሳይራገፍ ወረቀቱን ይሰጠኝና ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያዘኛል። እሱ አይስቅም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አፌን ያያል፤ የተደናቀፍሁበትን ቃል ይሰርዛል። «ቀልድ አንዴ ከተደናቀፈ አይነሣም» ይል ነበር።

አንድ የጾም ሰሞን ስለ አምባዛ ጻፈ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለሆነ «ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር በእኛ አገር አያልቅም። አባቴ ለአንባቢ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መስሎ ሄደ ሄደና «በሐይቃችን ዳር ትልቁ አምባዛ ይበላል» ብሎ ደመደመ። እኔ አላልቼ አነበብሁት፤ በዪው አምባዛው ሆኖ ቁጭ አለ።

«ጠብቆ ነው እንዴ አባዬ?»

«ፊደሉ አንድ ነው፤ አንቺ እንደወደድሽ።»

ያን ጊዜ አንድ ሹም የሐይቁን ዳር በቆርቆሮ እያጠሩ፣ እኛ ልጆች የምንዋኝበትን ሳይቀር ወስደውብን ነበር። ሲገባኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሹሙ ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ የዓሣ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን «አምባዛ ያለው እኔን ነው!» እያሉ ዝግጅት ክፍሉ ድረስ መጡ። በማግስቱ አዘጋጁ ጋሽ ይርጋ ቤታችን መጥተው፣ በሚቀጥለው እትም ይቅርታ ካልወጣ ዓምዱ እንደሚዘጋ ነገሩት። እናቴም «ኧረ ጻፍላቸው፣ ምን ቸገረህ?» አለችው። አባቴ ያን ዓምድ እንደ ልጁ ይወደው ነበር። «እሺ፣ እጽፋለሁ» ሲል ግን አፈርሁበት፤ እራቴንም ሳልበላ ተኛሁ።

ረቡዕ ወረቀቱን ሰጠኝ። «እርማት፦ ባለፈው ሳምንት ይበላል ያልነው ጠብቆ ይነበብ። አላልተው ያነበቡ አንድ ሰው አቤቱታ አቅርበዋል። ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ አምባዛው እሳቸው መሆናቸውን አላወቅንም ነበር።» አንድም ቦታ አልተደናቀፍሁም። ጋሽ ይርጋ ግንባራቸውን ይዘው ሳቁና «እንግዲህ ከተዘጋም በዚህ ይዘጋ!» ብለው አወጡት።

ተዘጋም። በቦታው መስቀለኛ ቃላት ገባበት። ሰው ግን አባቴን በየመንገዱ እያስቆመ «ጠብቆ ነው ላልቶ?» እያለ ይስቅ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ ሥራ እንደፈታ ሰው በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ቢሆንም እንደዚያ ሰሞን ኮርቼበት አላውቅም።

ሹሙ ከሥልጣን ከወረዱ ቆዩ፤ ቆርቆሮው የግንብ አጥር ሆኗል። እኔም ዛሬ እዚሁ ከተማ ለአንድ ድረ ገጽ ቀልድ እጽፋለሁ። ድሮ ጸሐፊው የተወውን አንባቢው ይሞላው ነበር። ዛሬ ቀልዱ ገና ሳይወጣ ማስተባበያው ይቀድመዋል። ባለፈው ሳምንት ወጣቱ አዘጋጄ ደውሎ፣ በፈጠረሽ ከጽሑፉ ግርጌ «ማንንም አይመለከትም» የሚል ጨምሪበት አለኝ።

ማንንም የማይመለከት ከሆነ ምን አደከመኝ? ዓምዱን መዝጋት መብትህ ነው አልሁት። ግርጌው ላይም አንዲት ቃል ጨመርሁለት፦ «ይመለከታል።»