ጉም ውስጥ የሚጣራ ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው ጉም ነበር። ለዚህ ተጠያቂው አባባ ሙሄ ናቸው። የእናቴ አጎት ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው ሳይደክም ከከላላ ወደ መካነ ሰላም በበቅሎ እህል እያመላለሱ ይነግዱ ነበር፤ እኔ ሳውቃቸው ግን አርጅተው እኛ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙም ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አግዝፎ እያሳየን ተረት ያወሩልን ነበር። የእሳቸው ተረት ንጉሥም የለበት፣ ጦጣም የለበት፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ደጋ ላይ መንገድ ይጠፋበታል፣ ከዚያ ወይ ይተርፋል ወይ ይሞታል። አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። አባባ ለሰሚ የሚራሩ ሰው አልነበሩም።

ያኔ ተረት የምንሰማ ይመስለን ነበር እንጂ ትምህርት ላይ መሆናችንን አላወቅንም። ሰውየው የሚሞተው የውኃ ድምፅ ተከትሎ ሲሄድ ነው፤ የእኛ አገር ጅረት መጨረሻው ገደል ነውና። ጭላዳ ዝንጀሮ ሲንጫጫ ሰምቶ መንደር የቀረበ የመሰለውም ይሞታል፤ ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። የሚተርፈው ጉሙ ሲወርድ ባለበት ቁጭ የሚለው፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል ቋጥኝ ሥር የሚጠጋው፣ ደረቅ የጓሳ ሣር ነጭቶ በልብሱና በገላው መሀል የሚጠቀጥቀው ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የሚተርፈው ለመጀመሪያ ጥሪ አቤት የማይለው ነው።

«ጂን የዘመድ ድምፅ ይዋሳል» ይሉን ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መድገም ግን አይሆንለትም። የሰው ልጅ ካልሰማችሁት ይደግማል። እስኪደግም አፋችሁን ያዙ።»

ታላቅ እህቴ ሀዋ ይህን ከማናችንም በላይ በልቧ ይዛው ነበር።

አንድ ቀን ሀዋ ከሰፈር ሴቶች ጋር ለቤት ክዳን የሚሆን ጓሳ ልታጭድ ወደ ደጋው ወጣች። ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። ሴቶቹ እየተጠራሩ ሲሰባሰቡ እሷ የለችም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወንዶቹ ዱላና ባትሪ ይዘው ሲወጡ አባባን ይምጡ ያላቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እኔ እናቴን ይዤ ቀረሁ። ያን ምሽት ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እሳቱም የሚያየው አጥቶ ጠፋ።

ያገኟት ሲነጋ ነው። ቋጥኝ ሥር ተኮራምታ፣ ልብሷ በጓሳ ተወጥሮ፣ በሕይወት ነበረች። በቃሬዛ ተሸክመው ሲያስገቧት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። አባባ «አብሽሪ፣ ሀዋዬ» እያሉ እግሯን ሲያሹላት ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው።

«አባባ፣ ማታ የጠሩኝ እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ሰምቼዎት ነበር። አንዴ ብቻ ጠሩኝና ዝም አሉ።»

እጃቸው እግሯ ላይ እንዳለ ቀረ። በኋላ ለእናቴ እንደነገሯት፣ ከዚያ ቋጥኝ ትንሽ ከፍ ብለው ቆመው ስሟን ጠርተው ነበር። መልስ ሲያጡ ሞታለች ብለው ልቅሶ አነቃቸው፤ መድገም አቃታቸው። ድንጋይ ቢወረውሩ እሷ ጋ ከሚደርስበት ቦታ ተመልሰው ሄዱ።

ሀዋን ሳንባ ምች አልጋ ላይ ጣላት። መካነ ሰላም ወርዳ ብዙ ታክማ ዳነች፤ ደረቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዛሬም ዳገት ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ካልተነፈሰች አይሆንላትም። አባባን አልተቀየመችም። እንዲያውም ጓሳውን ባያስተምሩኝ አልተርፍም ነበር እያለች ታጽናናቸው ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩም። ስንለምናቸው «ረሳሁት» ይሉናል። ያኔ እናደድባቸው ነበር፤ የሚያስፈራኝን ያን ተረት እወደው ነበርና። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበሉታል። ሌላ ተረት ሳንሰማ ሞቱ።

እኔ ዛሬ መካነ ሰላም ነው የምኖረው። ልጄ ራህመት ትምህርት በሌለ ቀን አያቷ ጋ ትወጣለች፤ ጉሙም እንደ ድሮው ይወርዳል። ጊዜው ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ሜዳ ላይ የሚጣራ ሁሉ በደግ አይጣራም፤ ስልኩም ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው አይሠራም። ስለዚህ የውኃውን፣ የጭላዳውን፣ የጓሳውን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጥሪው ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። አቤት በይ ብላት እፈራለሁ፤ አትበይ ብላትም እፈራለሁ። በመጨረሻ የሀዋን ነገር እንዳለ አወራኋት።

ሰምታ ስትጨርስ «እማ፣ አንቺ ብትሆኚ አንዴ ብቻ ጠርተሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

«ወላሂ አልሄድም» አልኳት፣ ሳላስብ።

አባባም ከዚያ ቀን በፊት ቢጠየቁ ይህንኑ ይሉ ነበር።