እሜቴ ከቤት እንዳትወጣ የተዘጋው በር

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከድመቷ ጋር ብቻ ነበር። ስሟን እሜቴ ብላታለች፤ ሥራ የማትነካ፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትበላ እሷ ናትና። ድመቷ ወፍ ይዛ ስትገባ፣ ልብስ ሰፊዋ «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽልኝ?» እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ስፌት መኪናው ሥር የተጣለችው ወፍ አልሞተችም ነበር። በመዳፏ አነሳቻት። የወፏ ልብ ጣቶቿ ላይ ሲመታ ተሰማት፤ ከዚያ ቆመ። ውጭ፣ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ካለው ጎጆ፣ ጫጩቶች ቀኑን ሙሉ ጮኹ። በማግስቱ ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱም በወንፊት ሽቦ ተሸፈነ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለቻት አብራት የምትሰፋው ታናሽ እህቷ። «በከንቱ ነው የምታስሪያት።»

«አመሏን ትርሳ መች አልኩ? በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።»

እሜቴ ሦስት ሳምንት አለቀሰች። በሩን ቧጠጠች፤ የደንበኛ ቀሚስ ዘነጠለች። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ማታ ማታ ወገቧ እየተቆረጠም ቢሆን፣ ቁራጭ ጨርቅ በክር አስራ ታጫውታት ነበር።

በዓመቱ ጎጆው ውስጥ ሌሎች ወፎች ገቡ። አንድ ከሰዓት እህቷ ጨርቅ ተሸክማ ስትገባ በሩን በእግሯ ገፋችው፤ ሳይገጥም ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌቷ ቀና ስትል እሜቴ የለችም።

ስፌቷን ጥላ ወጣች። ግንቡ ሥር ገና መብረር ያልቻለ ጫጩት ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ሁለት ክንድ ራቅ ብላ እሜቴ ሆዷን መሬት አስነክታለች፤ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እናትየው ወፍ ከላይ እየተወረወረች ትጮሃለች።

«እንዳትሮጪ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከኋላዋ ለደረሰችው እህቷ፣ በሹክሹክታ። «ከሮጥሽ ትዘላለች።»

ጫማዋን አወለቀች። አንድ እርምጃ፤ ሌላ እርምጃ። የእሜቴ ዳሌ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በሙሉ አካሏ ወደቀችባት። ድመቷ አላወቀቻትም፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ተለተለቻት። ልብስ ሰፊዋ ግን አልለቀቀቻትም።

«በሩን ክፈቺልኝ» አለች ብቻ።

ጫጩቱ እስኪመሽ እዚያው ቆየ፤ እናቱም እየተመላለሰች አበላችው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ቁጥቋጦው ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ ግንቡ ላይ፤ ከዚያ ወዲያ አላዩትም።

የልብስ ሰፊዋ ክንድ አብጦ መርፌ ተወጋች፤ ዐሥር ቀን አልሰፋችም። እሜቴ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው መጥታ ፋሻው አጠገብ ተጋደመች። የዚያኑ ቀን እህቷ መዶሻ ይዛ በሩ ላይ ሞላ መምታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ራሱ እንዲዘጋ ነው» አለች እህቷ፣ ምስማሩን ከከንፈሯ ሳታወጣ። «እኔ እጄ ሲሞላ በር አላይም።»