የሩፋኤል ዕለት ድንጋዮች

ገብረአማኑኤል ሰው ፊት ሲቀርብ አንገቱን የሚደፋ የሰላ ድንጋይ አገር ገበሬ ነው። ያሰበውን እንኳ ለበቅሎው ነው የሚያወራው። ባለፈው የካቲት ካርታ ሠሪዋ ፅጌረዳ ከደብረ ብርሃን መጥታ ዕቃ የሚጭንላት ስትፈልግ፣ የቀበሌው ሰዎች እሱን ሰጧት።

ሽቅብ ሲወጡ ውለው አምባው ላይ ደረሱ። እዚያ ድሮ በረዶ የፈለፈለው ነው የሚሉት ሰፊ ጎድጓዳ አለ። በክረምት ሐይቅ ነው። በየካቲት ግን ጓሳ ሣር ብቻ ነው። ፅጌረዳ የድሮውን ካርታ ዘረጋች። ያን የሠሩት ሰዎችም በበጋ መጥተው ኖሮ፣ ባዶ ሜዳ ብለውታል።

«እኔም የማየው ሜዳ ነው» አለች እርሳሷን እያወጣች።

ገብረአማኑኤል ክው አለ። ካርታው ባዶ ያለው መሬት ሁሉ ለእርሻ ሊመራ ነው ተብሎ በስብሰባ ተነግሯል። ይህ ከታረሰ ደግሞ ከታች ያሉት ምንጮች መንጠፋቸው ነው።

«ሜዳ ነው እንዴ ይኼ?» አላት በቅሎዋን፣ ጭነቷን እያጠበቀ።

ፅጌረዳ ሳቀች። «ጋሼ፣ በቅሎዋ ካርታ አትሠራም። ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ውኃ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ክረምት ላይ።»

«እሺ፣ ግን እስከ የት? ዳሩን ሳላውቅ መሥመር አላሰምርም።»

ሄደና ሣሩን ገለጠ። ጡጫ ጡጫ የሚያክሉ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

«ጳጉሜ ሦስት፣ ለሩፋኤል፣ እዚህ ነው የምንጠመቀው። ነፋሱ ክፉ ነው፣ ልብስ ይወስዳል። ውኃው ዳር አጣጥፈን ድንጋይ እንጭንበታለን። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል።»

«ጳጉሜ ላይ ውኃው ሙሉ ነው?»

«ጢም ብሎ።»

ፅጌረዳ ጂፒኤሷን አንሥታ ድንጋዩን ተከትላ መራመድ ጀመረች። ወንዶች የሚጠመቁበትን አለፉ፣ የሴቶቹንም አለፉ። በገደሉ በኩል ሲደርሱ ግን ድንጋዩ ጠፋ።

«እዚህ ጋ ተቋረጠብኝ» አለች።

ገብረአማኑኤል ጆሮው ጋለ። ወደ አንድ ቋጥኝ ሥር ሄደና ለብቻቸው የተቀመጡ ድንጋዮች አሳያት።

«የእነማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው። ሰው ፊት ማውለቅ… አይሆንልኝም። በየዓመቱ ወደዚህ ዞር እላለሁ።»

ፅጌረዳ አልሳቀችም። አጎንብሳ ነጥቡን መዘገበች፤ ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማያዊ ቁርጥርጥ መሥመር እስከ ጫፍ አዞረች።

«ምነው ተቆራረጠ?» አለ፣ አሁን ወደ እሷ እያየ።

«ክረምት የሚመጣ ውኃ ምልክቱ ይኼ ነው፣ ጋሼ። ሐይቅ ብዬዋለሁ።»