ያልወጣው መታወቂያ

«አሁን ነው አባ፣ ይዩኝ!» ሙባሪክ በጨለማው ውስጥ የአባቱን ክንድ ያዘ።

የቡታጅራው ቪዲዮ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እሑድ ከሰዓት ነው፤ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። የበርበሬ ነጋዴው ሸምሶ ፊልም ሐራም ነው ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የመጡት ልጃቸው ፖሊስ ሆኖ ሠራ ስለተባለ ነው። ሙባሪክ ግን የፈረንጁንም የአገሩንም የፖሊስ ፊልም እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አይቶ ጨርሷል። በአንዱም ውስጥ እንደ አባቱ የሚናገር መርማሪ አላጋጠመውም። እንደ እነሱ ያለ ጉራጌ ከገባ ወይ ባለሱቅ ነው፣ ወይ መሳቂያ።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ ወደ ራዲዮ መጠገኛ ሱቁ መጥተው «ሲቪል ለባሽ መርማሪ ትሆናለህ፤ ነጋዴ መስለህ ሌባ ታጠምዳለህ» ሲሉት፣ ታሪኩን ንገሩኝ እንኳ አላለም። ረዳት ዳይሬክተሯን ናዝራዊትን አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት።

«አማርኛህ የሸገር ልጅ አማርኛ ነው እኮ። እንደ ጉራጌ ነጋዴ አታወራልኝም?»

ሙባሪክ አብሮት ያደገው ነጋዴ አንድ ነው። የአባቱን አነጋገር፣ የጉሮሮ አጠራረጋቸውን፣ የእጃቸውን ውርወራ ሳይቀር አመጣው። ሠሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። መጨረሻ ላይ መታወቂያ ከኪሱ አውጥቶ «ፖሊስ ነኝ!» ሲል ቀረጹት።

አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ የዚያ ሁሉ ውጤት መጣ። ሙባሪክ የተገደለ ባለታክሲ ሰዓት ለአንድ ሰው ያሻሽጣል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጁን ወረወረ።

«ስማኝማ! ወላሂ፣ ከስሬ ነው የምሰጥህ!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«እንዴ! አባ ሸምሶን ራሳቸውን ነው እንዴ ያስገቧቸው?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«በርበሬውስ የታለ?» አለ ጓደኛው።

ሸምሶ ሊነሡ ቃጡ።

«ትንሽ ይታገሱ አባ፤ አሁን መታወቂያ አወጣለሁ» አለ ሙባሪክ።

ምስሉ ተቀየረ። ቢሮ ውስጥ አንድ ኢንስፔክተር ስልክ አንስቶ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «የሌባ ተቀባዩ ተይዟል» አለ። ሙባሪክ አሁንም ጠበቀ። ተኩስ ሆነ፤ መኪና ተገለበጠ፤ ገዳዩ ተያዘ። መታወቂያው አልወጣም። ቆርጠው ጥለውታል። መጨረሻ ላይ የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ አነበበው፦ የሌባ ተቀባይ፣ ሙባሪክ ሸምሶ።

ውጭ ፀሐዩ ላይ ሸምሶ ቆም አሉ።

«እኔ ነኝ ያ?»

«አባ፣ ወላሂ ፖሊስ ነህ ነው ያሉኝ! እኔም አሁን ነው ያየሁት።»

«ፖሊስ ከሆንክ በኔ አፍ ለምን አወራህ? ያን ሁሉ ፖሊስ ስሰማ ቆየሁ። በኔ አፍ ያወራ አለ?»

ሙባሪክ ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ ገፍተውት ሄዱ።

ፊልሙ ቡታጅራ ላይ አንድ ወር ታየ። ከዚያ በኋላ ሙባሪክ በርበሬ ተራ ብቅ ባለ ቁጥር፣ ሸምሶ ከደንበኛ ጋር የጀመሩትን ክርክር አቋርጠው፣ ልጃቸው እስኪያልፍ ዝም ይሉ ነበር።